የኡዘይር ጢም

ኡዘይርን አልወደውም። ይህን ከመነሻው ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ኋላ «ፈህሚያ የእህቷን ባል በሐሜት በላችው» የሚል እንዳይኖር። ሐሜት ከጀርባ ነው። እኔ ያልኩትን ሁሉ መጀመሪያ ያልኩት ፊቱ ላይ ነው።

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ተራ የገባ ሰው ሱቁን አያጣውም። አያቱም አባቱም እዚያው ነበሩ፤ እሱም የተወለደው ጣቃ ላይ ነው ቢባል ማንም አይከራከርም። እኔ ከሱ በታች ቅመም ተራ ነኝ፤ በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ እሸጣለሁ። ታናሽ እህቴን ለይላን ሊያገባ ሽማግሌ ሲልክ አጎታችንን «እሺ በል» ያልኩት እኔ ነኝ። እናታችን ስትሞት ለይላ ገና ድክ ድክ የምትል ነበረችና ያሳደግኳትም እኔ ነኝ። ስለዚህ ብናደድ ያንስብኛል እንጂ አይበዛብኝም።

ያን ጊዜ ኡዘይር ለስላሳ ሰው ነበር። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ለገዢ ጨርቅ ሲያወርድ እንኳ ሕፃን እንደሚያወርድ የሚጠነቀቅ። ጢሙ አገጩ ላይ እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ያለ፣ ዝናብ ያጣ ጤፍ የመሰለ ነበር። ከቀትር በኋላ ጣቃ ተደግፎ ያንቀላፋል፤ ገዢ ካልቀሰቀሰው አይነቃም። «ምነው ኡዘይር፣ ሌሊት ዘበኛ ነህ እንዴ?» እያሉ ይስቁበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። እኔ ደግሞ «ሰላማዊ ነው፣ እህቴን አይመታትም» ብዬ ደስ አለኝ። ከባል የምንጠብቀው ይህን ያህል ነው፤ እንግዲህ ፍረዱን።

ዓመቱ ዞረ፣ ተደገመ፣ ተሠለሰ። ልጅ የለም። ይሄኔ እናቱ እማማ ዘምዘም ሥራ ጀመረች። እማማ የምላት ለዕድሜዋ ነው እንጂ ለእሷ አይደለም። «ማህፀኗ ብርድ ገብቶበታል» አለችና ለይላን ሆዷን ለማሳሸት ወጌሻ ዘንድ ጎተተቻት። ቀጥላ እንፋሎት አስገባቻት። ቀጥላ በባዶ ሆዷ ጥቁር አዝሙድ በማር አስዋጠቻት። ጥቁር አዝሙዱን የምትገዛው ደግሞ ከማን መሰላችሁ? ከእኔ።

«ከሸጋው ስጪኝ፤ ለእህትሽ ነው» ትለኛለች መደቤ ላይ ቆማ፣ ሰው እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ምነው ፈህሚያ፣ መሬቷ ጨው ነው እንዴ?»

በገዛ ሚዛኔ ስድቡንም አዝሙዱንም አብሬ መዘንኩላት። ያን ቀን ዝም ያልኩት ለይላ አደራ ስላለችኝ ነው። ለይላ ሁልጊዜ አደራ ትላለች። አንድ ሰው ቢረግጣት «እግሩን አሞት ይሆናል» የምትል ልጅ ናት፤ ከማን እንደወረሰችው አላውቅም፣ ከእኔ እንዳልሆነ ግን ከተማው ምስክሬ ነው።

በመጨረሻ እጇን ይዤ ሆስፒታል ወሰድኳት። ዶክተር ሰላም የምትባል ሐኪም አየቻት፤ ደም፣ አልትራሳውንድ፣ የቀረ የለም። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጋ «እህትሽ ምንም የለባትም። አሁን ባሏ ይምጣ። የወንድ ዘር ምርመራ ቀላል ነው፤ ግማሽ ቀን አይፈጅም» አለችኝ።

ለይላ ማታ ነገረችው። «ሥራ በዝቷል» አላት። በሳምንቱ ደግማ ነገረችው። «ሥራ በዝቷል።» ያ ጣቃ ላይ የሚያንቀላፋው ሰውዬ ነው እንግዲህ ሥራ የበዛበት።

ከዚያ በኋላ ነው ጉዱ የመጣው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? ኡዘይር ተለወጠ። ቀትር ላይ መተኛት ተወ። ሁለት ሰው የሚሸከመውን ጣቃ ለብቻው ከማኪና ያወርድ ጀመር። ትከሻው ሰፋ፣ ድምፁ ወፈረ፣ ቀድሞ አብሮ ይስቅ የነበረው ሰው በተሸካሚዎች ላይ ይጮህ ጀመር። ጢሙ ደግሞ! ያ ዝናብ ያጣ ጤፍ የዘነበለት ያህል ግጥም አለ፤ ከጆሮው እስከ አንገቱ ጠቆረ። ከመስጊድ ሲወጣ እጁን ጢሙ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ይራመዳል። ሰዎች «ማሻአላህ፣ ምን በላህ?» ይሉታል። እሱ ፈገግ ይላል እንጂ አይመልስም። ዝም አይነቅዝም፤ ኡዘይር ይህን ተረት አጥብቆ ያዘው።

ይህ ሁሉ በለይላ ላይ ምን እንዳመጣ ልንገራችሁ። ቀድሞ ጥቂት ሰው እንኳ «ምናልባት ከሱ ይሆናል» ይል ነበር። አሁን ያም ቀረ። እንዲህ ያለ ጢም ያለው ወንድ አጠገብ ልጅ ያጣች ሴት ምን ልትባል ነው? ጎረቤት እንኳ አራስ ጥየቃ ሲኬድ እሷን መጥራት ተወ፤ ዓይኗን ፈሩ። እህቴ ያለ በደሏ ቡዳ ሆነች።

ብዙ ሳይቆይ ሽማግሌ ተሰበሰበ። አዲስ ዓለም ሰፈር፣ እማማ ዘምዘም ቤት ነው። ሰብሳቢው የኡዘይር አባት ታላቅ ወንድም፣ ከኮላ ድባ የመጡት አያ ዐብደላ ነበሩ። የእኛም አጎት አለ። ለይላና እኔ በሩ አጠገብ ተቀመጥን። ጉዳዩ አጭር ነው፤ ኡዘይር ሁለተኛ ሚስት ሊያገባ ነው፣ ልጅቱም ኮላ ድባ ታጭታለች፣ ለይላ በሰላም ትቀበል። አጎታችን ደፈር ብሎ «ግን እኮ ልጃችን ተመርምራ ጤነኛ ናት ተብላለች። እሱስ ታይቷል?» አለ።

አያ ዐብደላ ሳቁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያወቁትን ነው የፈረዱት። «ምን ምርመራ ያሻዋል? ይኼው እዩት! ይህን ጢም የያዘ ወንድ መካን ይሆናል? እኔ ከብት ሳረባ ነው ያረጀሁት፣ ኮርማውን ሳየው አውቀዋለሁ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ የኡዘይርን ጢም አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ችሎቱ በዚያ አለቀ። ምስክሩ ጢሙ ነበር።

እማማ ዘምዘም ግን በድሏ ረክታ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። «ደግሞስ እኔ እናቱ አለሁ አይደል?» አለች ደረቷን ነፍታ። «ጉልበቱ እንዳይወድቅ ዐብዱልከሪም የአክስቱ ልጅ ከመተማ መርፌውን ያመጣለታል። በየሦስት ሳምንቱ ይወጋል። የወንድ መርፌ ነው!» ሽማግሌዎቹ «ማሻአላህ» አሉ። እኔ ኡዘይርን አየሁት። ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሎ ላብ በላብ ሆኗል።

በበነጋው ዶክተር ሰላም ዘንድ ሄጄ የሰማሁትን ነገርኳት። እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች።

«ቴስቶስትሮን ነው የሚወጋው» አለችኝ። «ወንዱን ወንድ የሚያደርገው ሆርሞን። ጢም ያበቅላል፣ ጉልበት ይሰጣል፣ ፍላጎትም ይጨምራል። ግን ከውጭ ሲገባ አንጎል ‹በቃ፣ አለ› ይልና የሰውነቱን የራሱን ሥራ ያስቆመዋል። ዘሩ ይቀንሳል፣ ብዙ ጊዜ ጭራሽ ይጠፋል። እሱን እየተወጋ ልጅ መጠበቅ አይሆንም።»

«ቢያቆምስ?»

«አብዛኛው ሰው ላይ ይመለሳል። ወራት ይፈጃል፣ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ያን ጊዜ ሆርሞኑ ያነሰበትን ምክንያት አይተን ዘሩን የማይጎዳ መድኃኒት እንሰጠዋለን። ምናልባት አያውቅ ይሆናል። ንገሩት፣ ይዛችሁት ኑ።»

ምናልባት አያውቅ ይሆናል። ይህችን ቃል ይዤ ደስ ብሎኝ ነው ቅዳሜ ገበያ የደረስኩት፤ እንዲያውም «ምስኪን፣ እናቱ አሳስታው ነው» ብዬ አዝኜለት ነበር። ሱቁ ገብቼ መጋረጃውን ሳብኩና ሐኪሟ ያለችኝን አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ሜትሩን እጁ ላይ እየጠመጠመ ሰማኝ። ስጨርስ ቀና ብሎ ሳያየኝ «አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ሁሉንም። ባሕር ዳር ሄጄ ታይቼ ነበር፣ ሰው በማያውቀኝ ቦታ። ሆርሞንህ ዝቅ ብሏል፣ ዘርህም ጥቂት ነው አለኝ ሐኪሙ። ኪኒን ሰጠኝ። ‹መርፌውን ግን እንዳትነካ፣ ልጅ ካሰብክ ይዘጋብሃል› አለኝ።»

«ታዲያ?»

«ኪኒኑ ቶሎ አልሠራም። እናቴ ደግሞ ድካሜን አይታ መርፌውን አስመጣችው። አንዴ ተወጋሁ፣ ሁለቴ ተወጋሁ…» ድምፁ ተሰበረ። «እቴ ፈህሚያ፣ አንቺ አታውቂውም። ጠዋት ስነሳ እንደ እርጥብ ጨርቅ ነበርኩ። ከለይላ ጋር እንኳ… እህቷ ነሽ፣ ምኑን ልንገርሽ። መኝታ ስንገባ የተኛሁ እመስል ነበር፣ እንዳልዋረድ። አሁን ሰው ሆኛለሁ። የመተማ መንገድ ተዘግቶ መርፌው የቀረብኝ ጊዜ አላየሽኝም? ያ ድካም ተመልሶ መጣ። ገበያው መሳቅ ጀመረ።»

እውነቱን ልናገር፣ አንድ አፍታ ሆዴ ራራ። የታመመ ሰው ነው፤ በሽታው ደግሞ ወንድ ለወንድ እንኳ የማይናገረው በሽታ ነው። እጄን ትከሻው ላይ ላደርግ ምንም አልቀረኝም።

«እሺ፣ ይሁን» አልኩት። «ለይላስ? ሰው ሁሉ መካን እያላት፣ ጣውንት ሊመጣባት?»

«ለይላ ትችለዋለች» አለኝ። «ለምዳዋለች።»

ያዘንኩለት ሁሉ እዚያው ላይ ደረቀ። ያልኩትን በሙሉ እዚህ አልጽፈውም፤ ጨርቅ ተራ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። ቃሉ ባይገባቸውም ጩኸቱ ደርሷቸዋል። ከሱቁ ስወጣ መጋረጃው በእጄ ተቦጭቆ ቀርቶ ነበር።

በቀጥታ ለይላ ጋ ሄድኩ። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። ቁርአን አመጣችና እጄን አስይዛ አስማለችኝ። «አንድ ማዕድ በልተናል። ገመናውን ከአንቺ አፍ ማንም አይስማ። ወንድ ከሆነ እሱ ራሱ ይናገር» አለች። ንዴቴ እሷም ላይ ነበር፤ ግን ማልኩ።

ሽማግሌው ዳግመኛ ሲሰበሰብ ለይላ ከበሩ አጠገብ ተነሥታ መሐል ቆመች። «አያ ዐብደላ፣ ሌላ ያግባ፣ አልከለክልም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው። ልጅ ያጣነው በእኔ ምክንያት እንደሆነ ኡዘይር በአላህ ስም ይማልልኝ» አለች።

አያ ዐብደላ ወደ ኡዘይር ዞሩ። ኡዘይር እጁን ጢሙ ላይ አደረገ። አልማለም፣ አልተናገረምም። እናቱ ዘላ «ልጄን በከንቱ ልታስምዪው ነው? እሱ አላህን ይፈራል፣ እንደ አንቺ በየቦታው አይምልም!» ብላ ጮኸች። ሽማግሌዎቹም የዝምታውን ትርጉም ከእሷ ተቀበሉ፤ ጨዋነት ነው ተባለ። ለይላ «በቃኝ፣ ፍቱኝ» አለች። ልብሷን በአንድ ቦርሳ ይዛ እኔ ቤት ገባች። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው ለኡዘይር ነው። እሱማ እንኳን ሊያስጥላት፣ ለጅቡ በሩን ከፈተለት።

ያስሚን በዚያው ዓመት ከኮላ ድባ መጣች። የእህል ነጋዴ ልጅ ናት፤ ሃያ ዓመት ያልሞላት፣ ጉንጯ ሙሉ፣ ስትሄድ መሬቱን የምትረግጥ። ጠላኋት። ምንም አላደረገችኝም፣ ግን ጠላኋት። በመደቤ ስታልፍ ፊቴን ወደ ኮረሪማው አዞር ነበር። ለይላ እንፍራንዝ ከተማ ሚስቱ የሞተችበት ደግ ሰው አግብታ ሴት ልጅ ስትወልድ ግን እልል ያልኩት በጨርቅ ተራ በኩል ዞሬ ነው፤ መንገዴ አልነበረም። እማማ ዘምዘም ወሬውን ስትሰማ ምን አለች መሰላችሁ? «ተመልከቱ፣ ለእኛ ቤት ሆን ብላ ነው የከለከለችን!» እንዲህ ያለች ሴት ናት።

ባለፈው ሐሙስ ቀና ስል ያስሚን መደቤ ላይ ቆማለች። ያ ሙሉ ጉንጯ ገብቷል።

«ጥቁር አዝሙድ ይስጡኝ፣ እትዬ። ከሸጋው አሉ እማማ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ማህፀንሽ ብርድ ገብቶበታል ብለውኛል» አለች።

ሚዛኑ እጄ ላይ ቆመ። ያችው ቃል ናት። ያችው አዝሙድ ናት። ከፊቴ የቆመችው ለይላ ብትሆን ኖሮ ልዩነቱ ምን ነበር? መሐላዬ ግን ይዞኛል። ዳር ዳር አልኩ።

«ባልሽ… ሐኪም ጋ ሄዷል?»

«እሱማ እየታከመ ነው» አለችኝ ፈካ ብላ። «ለልጅ የሚሆን መርፌ ይወስዳል። የምወጋው እኔ ነኝ።»

«ማን?»

«እኔ። ቀድሞ አንድ ሰው ነበር የሚወጋው፤ ወሬ ያበዛል ብሎ ተወው። እኔ አባቴ ከብቶቹን ሲያስወጋ እያየሁ ነው ያደግሁት፣ እጄ አይንቀጠቀጥም። ቢስሚላህ ብዬ፣ ለልጃችን ዱዓ አድርጌ ነው የምወጋው። ዛሬም ቀኑ ነው።»

በሕይወቴ ብዙ ክፋት ሰምቻለሁ፤ ገበያ ነው የምውለው። ይህን የሚያህል ግን አልሰማሁም። የራሷን ልጅ በራሷ እጅ፣ በአላህ ስም፣ ዱዓ አስደርጎ ያስዘጋታል። ለይላን ዝም ብሎ አስበላት፤ ይህቺን መርፌውን አስያዛት።

አዝሙዱን ወደ ጆንያው መልሼ ያስሚንን ወደ ውስጥ አስገባኋት። «ቁርአን ይዤ ምዬ ነበር፣ አሁን አፈርሳለሁ። ለከፋራው፣ ለመሐላው ማካካሻ፣ አሥር ሚስኪን አበላለሁ» አልኳት፤ ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ባሕር ዳርን፣ ዶክተር ሰላምን፣ «ለምዳዋለች» ያለውን ሳይቀር። አልጮኸችም። ሲያልቅ የገዛ እጇን ገልብጣ አየችው። «በሬ ካራጁ ይውላል አሉ» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ግን በሬውም አራጁም ሆኛለሁ።» ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። ምን ልታደርግ እንደሆነ አልነገረችኝም።

በበነጋው ጁምዓ ነበር። እማማ ዘምዘም ቤት ምሳ ተደርጎ፣ አያ ዐብደላም ከኮላ ድባ መጥተው፣ ኡዘይር በአዲስ ጀለቢያ መሐል ተቀምጦ ነበር። እኔ አልነበርኩም፤ ብኖር ኖሮ እልልታዬ እስከ ቀሐ ወንዝ ይሰማ ነበር። የነገረኝ አያ ዐብደላን ሊጠይቅ ገብቶ የነበረው አጎታችን ነው። ተበልቶ እጅ ከታጠበ በኋላ ያስሚን ትሪ ይዛ ገባች። ሁሉም ተምር መስሎት እጁን ዘረጋ። ትሪው ላይ የነበረው መርፌና አንድ ብልቃጥ መድኃኒት ነው። አማቷ ጭን ላይ አስቀመጠችውና «እማማ፣ ከእንግዲህ እርስዎ ይውጉት። ይህ መርፌ ዘሩን ይዘጋል፤ እኔ የምፈልገው ልጅ ነው» አለች።

አያ ዐብደላ ብልቃጡን አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አደረጉት። «ይኼ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«ጢሙ ነው፣ አያ» አለቻቸው።

ሽማግሌው ብልቃጡን አዩ፤ ኡዘይርን አዩ፤ ከዚያ ያን ቀን ለይላ ቆማ የጠየቀችበትን የምንጣፉን መሐል ረጅም ጊዜ አዩ። «ያቺ ልጅ እኮ ማል ብቻ ነበር ያለችህ» አሉት።

ኡዘይር እጁን ከጢሙ ላይ አወረደ።